ከልጃችን ጎን ባዶ የቀረው መቃብር

ለኮክ-ዶቦ መንደር አስተዳደር ኃላፊ
ኮክ-ዶቦ

ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ለባለቤቴ የተቆፈረው መቃብር እንዳይደፈን፣ በስሜ እንዲመዘገብልኝ እና የራሴን ቀብር የሚመለከት ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሳይካል ኤሴንጌልዲዬቫ የዚህ መንደር ተወላጅ ስሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዩኒቨርሲቲ የመሬት ቅየሳ መምህርት ነበርኩ። የመቃብር ኮሚቴው ከላይ የተጠቀሰው ጉድጓድ እስከ ዓርብ እንዲደፈን ወይም ቀድሞ ለሚሞት ሰው እንዲሰጥ መወሰኑን በቃል ስላሳወቀኝ፣ ይህን አቤቱታ በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ ቱርጉንባይ ከተጋባን ጀምሮ የኖረው እዚሁ፣ በእኔ ወገኖች መንደር ነው። አንዲት ልጃችን ኑርዛዳ በሕፃንነቷ ሞታ በኮክ-ዶቦ መቃብር ተቀብራለች። ባለቤቴ ሕመሙ ሲጠናበት ከእርሷ ጎን እንዲቀበር ተናዘዘ። ኑዛዜውን የሰማነው እኔ፣ የመስጊዱ ኢማምና ታናሽ ወንድሙ ካልመት ነን። ካልመት እንደ ወጋችን እጁን ዳቦ ላይ አሳርፎ፣ «እኔ እያለሁ ሌላ ቦታ የሚወስድህ የለም ወንድሜ» ሲል ምሎለታል።

2. ባለቤቴ ባለፈው ወር ሲያርፍ ሥርዓቱ እንደሚያዘው በግቢያችን የሱፍ ድንኳን ተተከለ። እኔ ከሴቶች ጋር በአስከሬኑ አጠገብ ፊቴን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ መልሼ ሙሾ አወረድኩ። ወንዶቹ በውጭ በትር ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። በሙሾዬ፣ «ልጅህ ቦታ ይዛልሃለች፣ ከጎኗ ትተኛለህ» እያልኩ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። ካልመትና ወገኖቹም ከውጭ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ይቀበሉኝ ነበር። እየተቀበሉኝ ሳለ ወዴት እንደሚወስዱት ያውቁ እንደነበር የተረዳሁት ኋላ ነው።

3. አስከሬኑ ሲወጣ የጭነት መኪና ሞተር ሰማሁ። መቃብሩ ከቤታችን ጀርባ በመሆኑ አስከሬን በትከሻ እንጂ በመኪና አይሄድበትም። ለመነሣት ስሞክር ጎረቤቴ ባትማ ክንዴን ይዛ፣ «ተቀመጪ እህቴ፣ ሴት ወደ መቃብር አትከተልም፤ ምን ሊሉሽ ነው?» አለችኝ። እርሷም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ተቀመጥኩ።

4. በማግሥቱ ጠዋት ሴቶች መቃብር እንዲጎበኙ ስለሚፈቀድ ከባትማ ጋር ዳቦ ይዘን ሄድን። ወገኖቼ የቆፈሩት ጉድጓድ ከልጄ ጎን ክፍቱን ነበር፤ አፈሩም ከጎኑ እንደተከመረ ነው። ባትማ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሰውዬው የታለ?» አለችኝ።

5. ካልመትን ወደ ትውልድ መንደራቸው ኡች-ካይንግ ሄጄ ጠየቅሁት። አስከሬኑን እዚያ መቅበሩን አልካደም። «እትዬ፣ ወንድሜ በሕይወቱ የሚስቱ አገር እንግዳ ነበር፤ ሞቶም እንግዳ ይሁን? የሰባት አባቶቻችን አጥንት እዚህ ነው» አለኝ። ስለ መሐላው ሳነሣበት፣ «ለሚሞት ሰው እምቢ ይባላል እንዴ?» አለ። መቃብሩን እንዲያሳየኝ ስለምነው ደግሞ፣ «ይምጡ፤ ሜትርዎን ግን ቤት ይተዉት፣ እዚህ ለሬሳ ካርታ አይነሣም» ብሎ በዙሪያው የነበሩትን አሳቀብኝ።

የራሴን ወገኖችም ጠይቄአለሁ። አስከሬኑ ወደ መኪናው ሲጫን ቆመው አይተዋል። በሬሳ ፊት መጣላት ነውር ስለሆነ ዝም ማለታቸውን ነገሩኝ። ከእነርሱ አንዱ የእናቴ ልጅ ነው።

6. ባለቤቴ ካረፈበት ወጥቶ እንዲመለስ አልጠይቅም። ሃይማኖታችን አይፈቅደውም፤ ቢፈቅደውም እኔ አልችለውም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉድጓዱ እንዲደፈን የሚፈልጉት ክፍት መቃብር ሌላ ሰው ለሞት ይጠራል በሚል ነው። እምነታቸውን አከብራለሁ። የሚጠራ ከሆነ ግን የሚጠራው እኔን ነውና፣ ሌላው የመንደሩ ሰው ሊሰጋ አይገባም።

ስለዚህ፦

ሀ. ጉድጓዱ አሁን በላዩ በተረበረበው ጣውላ እንደተሸፈነ እንዲቆይና በስሜ እንዲመዘገብልኝ፤

ለ. ስሞት አስከሬኔን ከኮክ-ዶቦ ማንም፣ የባለቤቴ ወገንም ሆነ የራሴ፣ ይዞ እንዳይወጣ እንዲታዘዝልኝ፤

ሐ. በቀብሬ ዕለት ባትማ፣ እርሷ ከሌለች የምትወክላት ሴት፣ አስከሬኔን ተከትላ እስከ ጉድጓዱ አፍ እንድትሄድ እንዲፈቀድልኝ

በትሕትና አመለክታለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ከሥርዓታችን ውጭ መሆኑን አውቃለሁ። ሥርዓቱን በሙሉ ልቤ ጠብቄ ነበር፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩትም የሚሸከሙትን ሰዎች ስላመንኩ ነው። የምትከተለኝ ሴት እንድታለቅስልኝ አልጠይቅም። አፈር እስክለብስ ድረስ ቆማ እንድታይልኝ ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሳይካል ኤሴንጌልዲዬቫ
የቱርጉንባይ ሚስት፣ የኑርዛዳ እናት