የቅስት አሥራ ዘጠኝን ግድግዳ ስላጠቡልን

ለተከበሩ ሚስተር ሩፐርት ፌልጌት፣
የክሮስቤክ ባቡር ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በሞቀ ቢሮ ውስጥ እንዳሉ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ከወለልዎ በታች ያለው ግን ሙቀትም ድርቀትም እንደማያውቅ፣ ተመላልሼበታለሁና እመሰክራለሁ። ግሌኒስ ሰግደን እባላለሁ፤ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከሐዲዱ ሥር ያሉት የቪክቶሪያ ዘመን የጡብ ቅስቶች ታድሰው መጠጥ ቤት ከመሆናቸው በፊት ፎቶ እንዳነሣቸው ባለፈው ፌብሩዋሪ በፊርማዎ የፈቀዱልኝ እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የሥነ ሕንፃ ፍቅር» ብዬ መጻፌ ግን ግማሽ እውነት ነበር። አባቴ ዊልፍሬድ ሰግደን የዚህ ጣቢያ ግንበኛ ነበር። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1961፣ የቅስት አሥራ ዘጠኝ ጣሪያ ተንዶ ገደለው። የዚያን ጊዜ አለቆች «ሳይታዘዝ፣ መጠጥ ቀምሶ ገባ» ብለው ጻፉ። ስለዚህም በሥራ ላይ የሞቱ አሥራ አንድ ሰዎች በተዘረዘሩበት፣ ዋናው አዳራሽ ውስጥ በተሰቀለው የናስ ሰሌዳ ላይ የእሱ ስም የለም። እናቴ በዚያ ሰሌዳ ሥር ላለማለፍ ስትል እኅቷ ዘንድ በአውቶቡስ ትሄድ ነበር፤ ባቡሩ አርባ ደቂቃ፣ አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እስክትሞት ድረስ በአውቶቡስ ሄደች።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨለማው አመሰግናለሁ። ቅስት አሥራ ዘጠኝ ውስጥ ብርሃን ስለሌለ አንዲት ፎቶ ለማንሣት የካሜራውን ዓይን ስምንት ደቂቃ ከፍቼ፣ የእጅ ባትሪዬን አጥፍቼ መቆም ነበረብኝ። ከላዬ ባቡር ሲያልፍ ጡቡ እንደ ታመመ ሰው ደረት ይንቀጠቀጣል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ከኋላዬ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ፤ ጥቂት ቆየና ደግሞ ሦስት ጊዜ። ውሃ ነው አልኩ። ውሃ ግን እየቆጠረ አይወርድም። ባትሪዬን ሳበራ ማንም አልነበረም፤ ብርሃኑ ያረፈበት ግድግዳ ላይ ግን ከቀረው ግድግዳ በተለየ ጡብ የተጠገነ ቦታ አየሁ። ኖራው እርጥብ ሳለ በሚስማር ተጽፎበታል፤ የአባቴ ስም መነሻ ፊደላት፣ ከአጠገባቸው የሌላ ሰው፣ ከሥራቸው የሞተበት ቀን። ጡቦቹን ቆጠርኳቸው፤ አርባ ሁለት ናቸው። ሁሉም በክር እንደ ተለኩ ቀጥ ያሉ ናቸው። የሰከረ ሰው እንዲህ ይገነባል ወይ የሚለውን ለመሐንዲሶችዎ እተዋለሁ።

የሁለተኛው ሰው ፊደላት የአባቴ የሥራ ባልደረባ የክሊፎርድ ሃይግ ናቸው። ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ይኖራሉ። ፎቶውን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «ስታነሺው ድምፅ ሰማሽ?» አሉኝ።

«ውሃ መሰለኝ» አልኳቸው።

«ሦስት ጊዜ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ዊልፍ ጡብ ሲያስቀምጥ ሦስት ጊዜ ነበር መታ የሚያደርገው። እኔ እዚህም እሰማዋለሁ፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ያን ቀን ከሻይ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። ፎርማኑ ነው ‹ውረዱ› ያለን። ድጋፍ እንጨቱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል አለ። እኔ ኖራ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ አቧራው ነበር የተቀበለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፎርማኑ ‹ሥራህን ትፈልጋለህ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ሕፃናት ነበሩኝ። እፈልጋለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ እናትሽን ባየሁ ቁጥር ወደ ማዶ እሻገር ነበር።»

የተናገሩትን በጽሑፍ አስፍረው ፈረሙልኝ። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ አልሆነልኝም። ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክዬላቸው ወጣሁ።

ሦስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ለፍጥነትዎ ነው። ፎቶውንና ምስክርነቱን ልኬልዎ፣ አንድ ስም ሰሌዳው ላይ እንዲጨመር ብቻ ብለምንዎ፣ «ግድግዳውን በአካል መርምረን እናሳውቅዎታለን» ብለው በትሕትና መለሱልኝ። ስልሳ ዓመት ማንም ያልነካው ግድግዳ ከደብዳቤዎ በዘጠነኛው ቀን በኃይለኛ ውሃ ታጠበ። ጡቡ ቀርቷል፤ ጽሑፉ ግን ከነኖራው ተጠርጎ ወደ ወንዙ ወርዷል። ቀጥሎም «በስፍራው ማስረጃ አልተገኘም» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ንጽሕና እናቴ እንኳ ቤቷ ውስጥ አልነበራትም።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ክሊፎርድን በተሽከርካሪ ወንበር ይዣቸው መጣሁ፤ ከናሱ ሰሌዳ ሥር ፎቶውን አቅፈው ተቀመጡ። መንገደኛ ቆሞ ሲጠይቃቸው «አሥራ ሁለተኛው ነው» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ጥበቃዎ መጥቶ እንዲነሡ ሊነግራቸው አጎነበሰ፤ ያሉትን ከሰማ በኋላ ግን ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው ቆመ። ይህን ሰው እንዳይቀጡብኝ አደራ እላለሁ። በየቅዳሜው እንመጣለን።

ለጣቢያው ውበትና ለግድግዳው ጽዳት ያለዎትን የማይናወጥ ትጋት ከልቤ እያደነቅኩ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ግሌኒስ ሰግደን
የግንበኛው የዊልፍሬድ ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ግድግዳው በታጠበ ዕለት በአጋጣሚ እዚያው ነበርኩ። ያጠቡት ሁለቱ ሠራተኞች ሄልሜት አልነበራቸውም፤ የጽሑፍ ትእዛዝ እንዳላቸው ብጠይቃቸው «አለቃ በቃል ነው የነገረን» አሉኝ። ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቤ፣ በተሰነጠቀው ጣሪያ ሥር እንደ ቆሙ ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ። አንድ ቀን «ሳይታዘዙ ገቡ» ቢባል እንዲያሳዩት፣ ለሚስቶቻቸው አንድ አንድ ቅጂ ልኬያለሁ።