ስምዎ ያልተጠራበት ጸሎት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳልዎስ ቀለል አለልዎት? የዓይን ጠብታዎን ሳያቋርጡ ይጨምራሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጠው ረሱት? የይርጋለም ዝናብ ዘንድሮ በጊዜው ገባ? ጓሮው፣ እንሰቱ፣ ያቺ ተራጋጭ ላምስ እንዴት ናት? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እኔም፣ ባለቤቴ ሕይወትም፣ የልጅ ልጅዎ ሐምራዊትም በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል።

ጤናዎን የጠየቅኩት ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። ከፈረንሳይ አገር ስደውል አንድም ቀን ድምፅዎን አልሰማሁም። እህቴ ፀሐይነሽ አንዴ ተኝተዋል፣ አንዴ ጸሎት ቤት ሄደዋል፣ አንዴ ድምፃቸው ዘግቷል ትለኛለች። ድምፁ የዘጋ ሰው ቢያንስ ይሳላል። ከኋላዋ ግን የሚሰማኝ የሰው ብዛትና የሳህን ኳኳታ ነበር፤ ማን መጥቶ ነው ብላት ጎረቤት ነው አለችኝ። አባባ፣ በሕይወት መኖርዎን አላውቅም። ለአባት እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም ከልጅነቴ ጀምሮ የፈራሁትን ሁሉ የምነግረው ለእርስዎ ስለሆነ ይህንንም ለእርስዎ ነው የምነግረው።

የጉዞውን ነገር ልንገርዎ። ሐምራዊት ሊዮን በሚባል ከተማ ስትማር ቆይታ የዘንድሮው ትምህርቷ ሲያበቃ፣ እኔም የምነዳው የተማሪዎች አውቶቡስ ለእረፍት ሲቆም፣ ኑና ከመንደር መንደር በእግራችን እንሂድ አለችን። ይህን በስልክ ስነግርዎ በእግር ለመሄድ በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ እንዴ ብለው የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ድምፅ የለም።

መንገዱ እርስዎ በወንጌላዊነት ዘመንዎ ከይርጋለም አለታ ወንዶ የወጡት የወረዱት ዓይነት አይደለም። ዳገቱ ዳገት አይባልም፣ ጭቃ የለው፣ ወንዝ አያሻግር። ግራና ቀኙ የወይን ተክል ነው። አንድ መንደር ሳይርቅ የሌላው ደወል ይሰማል። እንግዳ እንዳይጠፋ ብለው በየእንጨቱና በየድንጋዩ ላይ ቢጫ መስመር ቀብተዋል፤ ሁለት መስመር ተጣምሮ ካዩ በዚህ አትሂድ ማለት ነው። ቤቶቹ ከጥንት ጀምሮ የቆሙ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ሴቶች ድሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረው ጣሪያ ያለው ገንዳ እስካሁን ውሃው ይፈሳል፤ የሚያጥብበት ግን የለም። ሰው የለም አባባ። መስኮቱ ሁሉ በእንጨት መዝጊያ ተዘግቷል። በቀትር መንደር ሙሉ ተዘግቶ ሲያዩት ሁሉም ለቅሶ የሄደ ይመስላል።

በየመንደሩ አደባባይ ደግሞ በጦርነት ያለቁ ልጆቻቸው ስም የተጻፈበት ድንጋይ አለ። ሐምራዊት መጀመሪያ ላይ ስማቸውን እያነበበች፣ እነዚህ ወንድማማቾች ይሆናሉ እያለች ታስረዳን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከእናቷ ጋር ለብቻቸው ብዙ ቆይተው ወጡ። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። አለርጂ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጄ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ በዚህ በኩል ዳቦ ቤት አለ እያለች ታዞረን ጀመር። ዳቦ ቤቱም ዝግ ነው።

ያን ዕለት ነው ስልኬን የወሰደችው። ዳዲ፣ ፎንህን ኦፍ አድርገውና ጀስት ኢንጆይ እናድርግ አለችኝ። ሰጠኋት። ስንሄድ አንዷ ከፊቴ አንዷ ከኋላዬ ሆኑ። ያንን ዛፍ ልየው ብዬ ዘወር ስል አንዷ የግድ አብራኝ ትመጣለች። ሃያ ምናምን ዓመት በትዳር ስንኖር ሥጋ አታብዛ ስትለኝ የኖረችው ሕይወት ድንገት ብላ፣ ጨምር፣ ትንሽ ቅመስ ማለት አበዛች። በሚስት እንክብካቤ የሚፈራ ባል አይተው ያውቃሉ? እኔ ፈራሁ።

የፈራሁት ሥራዎን ስለማውቀው ነው። በአገሩ መርዶ ሲመጣ የሚጠሩት እርስዎ ነበሩ። ወጣቶቹን አስቀምጠው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ ሰውን መንገድ ላይ አትንገሩት፣ በእንግድነት ባለበት አትንገሩት፣ እህል ሳይቀምስ አትንገሩት፣ ለብቻው ሳለ አትንገሩት፣ ቤቱ ይግባና በማለዳ ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ ይሉ ነበር። አሁን ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ሲደረግ አየሁት። ስልክ ደውዬልዎ፣ አባባ የእርስዎ ዘዴ እኔ ላይ እየሠራ ነው ብዬ ልቀልድብዎት ፈለግኩ።

በማግስቱ አንድ መንደር ደረስን። ደወሉ የሚደወለው ቀስ እያለ፣ እየተቋረጠ ነበር። ሐምራዊት ሰዓት ነው አለች፤ እኔ ግን ብቆጥረው ብቆጥረው ከሰዓቱ አልገጥም አለኝ፤ ለሞተ ሰው የሚደወል መሰለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዳቦና አይብ ፈታን፤ ሕይወትም እንደ ወትሮዋ ልጸልይ አለች። ጸሎቷን ያውቁታል፤ ምግቡን ከመባረኳ በፊት ሰዉን ሁሉ በየስሙ ትጠራለች። ከተጋባን ጀምሮ መጀመሪያ የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው። ያን ዕለት ከፀሐይነሽ ጀመረች። ፀሐይነሽን አበርታት ጌታ ሆይ አለች፣ ልጇን ማራኪን አስባት አለች፣ ጎረቤቶቿን አለች፣ እኔን ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። እስኪመጣ ጠበቅኩ። ስምዎ አልመጣም።

ረስታው ነው እንዳልል ሕይወት አትረሳም። እኔን ልትደብቀኝ ትችላለች፤ ለእኔ ብላ ስለሆነ አልቀየማትም። ጌታን ግን ልትዋሸው አልቻለችም። እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ ይህንን ለእርሷም ለእኔም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዓይኗን ስትገልጥ ምን እንዳጎደለች የገባት አልመሰለኝም። አይብ ቆርሳ ሰጠችኝ። ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብጠይቃት ደግሞ ትነግረኛለች። አሜን ብዬ በላሁ። ከዚያ በኋላ ያለፍንባቸውን መንደሮች ስማቸውን ቢጠይቁኝ አላውቅም፤ ቢጫውን መስመር ብቻ እያየሁ ሄድኩ።

አትላንታ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኤልቃና አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ጠበቁን። እኚህ ሰው ሲያገኙኝ ከእኔ ሰላምታ በፊት ወንጌላዊው እንዴት ናቸው የሚሉ ናቸው። አሁን ሻንጣዬን ቀምተውኝ፣ ትራፊኩ ክሬዚ ነው፣ ሃይዌዩን አቮይድ እናድርግ እያሉ ሎረንስቪል ቤታችን እስክንደርስ ስለ መንገድ ብቻ አወሩ። ስለ እርስዎ ምንም። ሲሰናበቱን ጠዋት ብቅ ብለን እንኳን ደህና ገባችሁ እንላችኋለን አሉ። ጋራዡን ብከፍት የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሕይወት ለሐምራዊት ምረቃ ነው አለችኝ። ሐምራዊት ለመመረቅ ገና አንድ ዓመት ይቀራታል። ስልኬን ተቀብዬ ወደ እናንተ ብደውል የሚያነሳ አጣሁ።

አሁን ገና እየነጋ ነው። ቀድሜ ተነስቼ ታጥቤ፣ ለባብሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ሕይወት ከመኝታ ቤት ምን እያደረግክ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ለአባባ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው አልኳት። ማንም አፍ አውጥቶ እስካልነገረኝ ድረስ ደብዳቤ የምጽፍለት አባት አለኝ፤ የምቸኩለውም ለዚህ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ፀሐይነሽ ይህን ስታነብልዎ እስኪበቃዎት ይሳቁብኝ፣ ይህ ልጅ ድሮም ፈሪ ነው ይበሉ። ሕይወትንም ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ምነው በተሳሳትኩ አባባ። ምነው ሞኝ በሆንኩ።

ደጅ መኪና ሲቆም ይሰማኛል። ሌላም ተከተለው። በሩን ቀስ አድርገው ነው የሚዘጉት።

እህቴን ፀሐይነሽን እጅግ አድርጌ ሰላም እላታለሁ። እህቴ፣ ስትዋሺኝ የከረምሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን የምታነቢው ለብቻሽ ከሆነም ግድ የለም፣ ቀስ ብለሽ ጨርሺው። ማራኪን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከፈረንሳይ ሹራብ ገዝቼላታለሁ። ጎረቤታችንን እማማ ፍቅርተን፣ የጸሎት ቤቱን ሰዎች፣ በየቀኑ ወተት የምታመጣውን ልጅ ሁሉንም በያሉበት ሰላም በሉልኝ። ሐምራዊት አያቴን ሰላም በልልኝ ብላ ነበር፤ ያለችው ግን ከመሄዳችን በፊት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሕይወት ልትከፍት ወጥታ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች፤ ይህችን መስመር ልጨርስ ብያት ከጎኔ ቆማለች። ማንም ምንም ሳይለኝ በፊት፣ አባባ፣ እንደምን አደሩ?

ልጅዎ ዘገየ
ሎረንስቪል፣ አትላንታ
ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.