ቁልፍ በሌለው ረድፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 6
የሬዲዮ ጣቢያችን ላፕቶፕ ሞተ። አለቃችን ዶን አኒባል ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን፣ ከእህቱ ዘንድ፣ ያገለገለ አመጣ። ያምራል። ግን የላይኛው ረድፍ ቁልፎች የሉም! በነሱ ቦታ የሚያበራ ቀጭን መስታወት ተጋድሟል። ሥዕሎቹ ደስ ባላቸው ጊዜ ይለዋወጣሉ።
«ዶኛ ፊዴ፣ አይጫኑት፤ ነካ ብቻ» አለኝ ዴርሊስ፣ ማስታወቂያ አንባቢያችን።
ነካ ብቻ... ነፍሱን ይማረውና ባሌ በጡጫ ቢመቱት አይነቃም ነበር። ይሄ ትንፋሽ ይበቃዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 8
ሙዚቃ የማስገባው ሳላይ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ በሰው ትከሻ አሻግሬ እያየሁ ነው የለመድኩት። ጣቴ ቁልፉን በጉብታው ያውቀዋል። አሁን ምኑን ይወቅ? ዛሬ ዶን አኒባል ሲናገር መሐል ላይ ድምፁን አጠፋሁት። ለአድማጩ ጽድቅ ነው።
«አንዴ ብትደግሚ ቦታሽ ለዴርሊስ ነው» አለ።
የት እሄዳለሁ? የምወደው ሥራ ይሄ ብቻ...

ሰኞ፣ ጥር 12
ጉድ ፈላ።
የቀትር የሞት ማስታወቂያ። ዴርሊስ ያነባል፤ እኔ ከሥር የኦርጋን ሙዚቃ። ሙቀቱ አንጎል ያቀልጣል። ዴርሊስ ቴሬሬ፣ በረዶ ያለበትን የቅጠል መጠጥ፣ በዋንጫ አቀበለኝ። ሲያቀብሉት እምቢ የሚል ማን አለ? ጠጣሁ፣ መለስኩ። ዋንጫው ላብ አጥምቆት ጣቶቼ ረጠቡ።
«ዶን ቶሪቢዮ ትናንት ማታ አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ማምሻውን...»
ኦርጋኑን ከፍ ላደርግ መስታወቱን ነካሁ።
«ዛሬ የታረደ! ትኩስ ቋሊማ! ሳያልቅ ይምጡ!»
የልኳንዳው ማስታወቂያ! ላጠፋው ነካሁ፤ ጮኸ። ደግሜ ነካሁ፤ ከሀ ጀመረ። ለካ እርጥብ ጣት አይገባውም! ዴርሊስ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይስቃል፤ ማይክራፎኑ ክፍት።
ዶን አኒባል አልጮኸም። «ነገ ዕቃሽን ውሰጂ» ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ዕቃዬን ልወስድ ስገባ የሟቹ ሚስት፣ ዶኛ ኤልቢዲያ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣለች። ደረቅኩ።
«ቋሊማዋ አንቺ ነሽ?»
«እኔ ነኝ... ይቅር በይኝ።»
«ቶሪቢዮ ከአገሩ ሰው ሁሉ ተጣልቶ ነው የሞተው። ሬሳውን ከቄሱ ጋር ለሁለት ልንሸከም ነው ብዬ ነበር። ትናንት ግቢው ሞላ! ማን እንደታረደ ሊያዩ መጡ፤ ቀብረው፣ በልተው ሄዱ። አልቅሰዋልም። ከሳቅ ይሁን ከሐዘን አልጠየቅኩም።» ወደ ዶን አኒባል ዞረች። «የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ማስታወቂያም በሷ እጅ ይሁን። አለዚያ ሌላ ጣቢያ እሄዳለሁ።»
ዶን አኒባል ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና ጠረገ።
«ተቀመጪ እንግዲህ።»

ሰኞ፣ ጥር 19
የዶን ቶሪቢዮ የጸሎት ማስታወቂያ ሊነበብ ሲል ዴርሊስ ዋንጫውን ዘረጋ።
«ይዘህ ወደዚያ ሂድ» አልኩት።
«ተቆጡ እንዴ?»
«ወደዚያ!»
ወንበሩን እየጎተተ ራቀ። እፎይ ሳልል ዶን አኒባል በር ላይ፣ ዋንጫ በእጁ።
«እርስዎም» አልኩ።
ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ቆመ። አየኝ። አፌን በእጄ ልይዝ ነበር፤ እጄ ሥራ ላይ ነው።
ወጣ... በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።