ድምፄ ያረፈበት ሳምንት

ሰኞ

በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ። የሬዲዮ አቅራቢው የዮናስ ድምፅ ዛሬ ማለዳ በድንገት አርፏል። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ለቴፒ፣ ለማሻና ለቱም ሕዝብ የዘፈን ምርጫ ሲያስተላልፍ የኖረ፣ በየሠርጉም ያለ ዕረፍት የጮኸ ታታሪ ነበር። ቀብሩ እዚሁ ጉሮሮዬ ውስጥ ይፈጸማል።

እኔ ራሴ አለሁ። ደክሞኛል እንጂ። ትናንት ሠርግ ላይ መድረክ ስመራ ማይኩ እምቢ አለና በባዶ ጉሮሮዬ ስጮህ ዋልኩ። ዛሬ ስነሳ አፌን ከፈትኩ፣ ንፋስ ብቻ ወጣ።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ተኝቼ እውል ነበር። ግን አርብ አለ። የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች የሙዚቃ አቅራቢ ሊፈትኑ ቴፒ ይመጣሉ። ከኛ ከሚዛን ከተማ ሬዲዮ የሚሄደው አንድ ሰው ነው። አስረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ለተለያየ ሰው እንዲህ ያለ በር ሁለቴ አይከፈትም። ኃላፊያችን ወይዘሮ አስቴር ባለዲግሪዋን መሰረትን ትተው እኔን መርጠዋል። ግን ፈርተውኛል። ባለፈው ወር ዘበኛችንን አባ ጎበዜን "ከውጭ የመጡ ታዋቂ ድምፃዊ" ብዬ በቀጥታ ስርጭት አነጋግሬያቸው ነበር። ሰው እስካሁን በር ላይ ፎቶ አብሯቸው ይነሳል። እሳቸውም ለምደውታል፣ አሁን ያለ ጥቁር መነጽር ከቤት አይወጡም። ስለዚህ ወይዘሮ አስቴር ቁርጡን ነግረውኛል፦ "እስከ አርብ አንዲት ቀልድ ከሰማሁ መሰረት ትሄዳለች።"

ድምፄ እንደሌለ ለማንም ሳልናገር ስቱዲዮ ገባሁ። ዘፈን በዘፈን ላይ ልልቀቅ ብል አይሆንም። የመራጩ ስም ሳይጠራ ዘፈን ከወጣ ጠብ ነው፤ የኔን ትተህ የሱን አስቀደምክ ይባላል። ማንም ያልመረጠው ነገር ፈለግሁ። ዋሽንት አገኘሁ። ረጅም፣ ቃል የሌለው። ሲያልቅ ደገምኩት። ሰዓቴ እስኪሞላ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አልኩ። ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

ከሰዓት፦ ብልጥ አይደለሁም። ሬዲዮ ንግግሩን ትቶ ዋሽንት ብቻ ሲያሰማ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ገበያው ግማሹ ዘጋ። ቡና ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አንድ ስልክ ከበው ስሙ እስኪነገር ጠበቁ አሉ። እስካሁን ሞቱ ሲባል የሰማኋቸው፦ አንድ ሚኒስትር፣ አንድ ጄኔራል፣ አንድ ፓስተር፣ የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር። የመጨረሻው ራሱ ደውሎ አለሁ ብሏል።

ማክሰኞ

ወይዘሮ አስቴር ቢሮ ጠሩኝ። ጉሮሮዬን አሳየሁ። አፌን ከፍቼ ተንፈስ አልኩ። ወረቀት ላይ "ድምፄ ጠፍቷል" ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡና "ደግሞ በጽሑፍ ጀመርክ?" አሉ። አርብ መሰረት ትሄዳለች። አለቀ።

አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን እኔን አላምንም። የሚያናድደው ግን በሕይወቴ አንድ ቀን ሳልቀልድ ብውል በዚያው ቀን መቀጣቴ ነው።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። መሰረት በኔ ሰዓት ስቱዲዮ ገባች። መሰረት ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን የቡና ዋጋ ስታነብ እንኳ እንደ ለቅሶ ቤት ነው። "የዮናስን ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ እኔ ይዤዋለሁ" አለች። ተነፈሰች። ዘፈን ለቀቀች። በቃ፣ ከተማው የሞተውን ሰው አገኘ። እኔ ነኝ።

አንድ የቱም አድማጭ በቴሌግራም "ነፍስህን ይማር ወንድሜ" ብሎ ለራሴው ላከልኝ። አሜን ብዬ መለስኩ። (ይቺን ወይዘሮ አስቴር አያውቋትም።)

ከዚያ እማዬ ከቴፒ ደወለች። ሳላስብ አነሳሁት። ዮኒ፣ ዮኒ ትላለች፣ እኔ ንፋስ ብቻ። ዝም ብላ አዳመጠችና ዘጋችው። ማንበብ አትችልም፣ ምን ልጻፍላት? ጎረቤቴን ለምኜ ባስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ጨንቆኛል።

ረቡዕ

ወይዘሮ አስቴርን ልለምን ጠዋት ጣቢያው ግቢ ገብቼ ነበር። አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። የወረዱት ሁሉ ጥቁር ለብሰዋል። የእማዬ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ ነበር፤ ግን መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ማታውን ደብቀዋት አደሩ። እሷ ግን ቀድማ አውቃለች። ስልኩን ያነሳው ሰው መናገር ጨንቆት ዝም ያለ መስሏታል። ጠዋት በሩን ከፍታ ተሰብስበው ስታያቸው ምንም አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አንስታ ልጄን አምጡልኝ ብቻ አለች።

በቋንቋችን በሸኮኛ እያለቀሰች ገባች። ቆሜ አየችኝ። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ።

"ለምን ዝም አልከኝ?"

መልሼ ዝም አልኳት። ምን ላድርግ። መንጋጋዬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝና እንደ ጥጃ አፌን ፈለቀቀችው።

"ጌታ ሆይ! እዩት እስቲ፣ ይሄ ጉሮሮ ነው? እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ አጠገባችሁ ሲታመም አታዩም?"

ወይዘሮ አስቴር ቀረብ ብለው አዩ። ከኋላቸው ሚኒባሱ በሙሉ ተሰልፎ ተራ በተራ አየ። ይህን ያህል ሕዝብ ፊቴን ሲመለከት የመጀመሪያዬ ነው። ለቴሌቪዥን ጥሩ ልምምድ ነበር፣ አፍ ባይከፈት።

ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ቶንሲል። ኪኒን፣ ትኩስ ነገር፣ ዝምታ። ስንመለስ ለቀስተኛው ለሐዘኔ ያመጣውን ቆጮ ግቢው ውስጥ እየበላ ነው። ለኔ አልተረፈም። ቢተርፍም አልውጠውም።

ሐሙስ

ስተኛ ዋልኩ። እማዬ የጫካ ማርና ጢምዝ የሚባለውን ቅመም አፍልታ ትግተኛለች። ሞቷል ብላ ያለቀሰችብኝን እያስታወሰች በየመሀሉ ትቆነጥጠኛለች።

ከሰዓት ወይዘሮ አስቴር ከመሰረት ጋር መጡ። አልተቀመጡም። "ያልኩህ ከቀለድክ ነው። አልቀለድክም። ነገ ድምፅህ ከወጣ አንተ ትገባለህ" አሉ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ዘለሉት፣ እኔም አልፈለግሁትም።

መሰረት ቀሚሷን ተኩሳ ጨርሳ ነበር አሉ። እሱ ቆረቆረኝ። "ሂድ" አለችኝ፣ "ግን እኔም ቴፒ እመጣለሁ። ካልወጣልህ በሩ ላይ ነኝ፣ የኔ ሙት።" መልስ ነበረኝ። ድምፅ አልነበረኝም።

አርብ

ወጣ። ግማሹ። እንደ አሮጌ ባጃጅ እየተንተባተበ።

አንዲት ሴትዮ ካሜራ ፊት አቁማኝ ስምህን ተናገር፣ አንድ ዘፈን አስተዋውቅ አለችኝ። ለወራት ያዘጋጀኋቸው ቀልዶች ነበሩ። ትንፋሼ እንዳያልቅ ፈርቼ ሁሉንም ተውኳቸው። ስሜን፣ የዘፈኑን ስም፣ ማን እንደሚወደው ተናገርኩ። ጨረስኩ።

"ጎሽ፣ አታበዛም" አለች። "ሌሎቹ ሊያስቁኝ ሲታገሉ ነው የዋሉት።"

እንግዲህ ሥራው መቼ ይጀምራል አልኳት። የምን ሥራ አለችኝ። ለካ የበዓል ዝግጅት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። አቅራቢዎቹ ብዙ ናቸው፣ ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ዘፈን ቢሆን ነው። የተመረጠ ሰው ይደወልለታል። ከኛ ጣቢያ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ውጭ ለእማዬና ለመሰረት ነገርኳቸው። መሰረት ሳቋን መያዝ አቅቷት ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እማዬ አልሳቀችም። "ሁለት ዘፈን?"

"ሁለት። ከተደወለ።"

"እኔ ለሁለት ዘፈን ነው ያን ሁሉ ያለቀስኩት?"

እውነቷን ነው። ማንም አልሞተም። ቶንሲል ነበር። ቴሌቪዥን ያልነውም የበዓል ቀን ሁለት ዘፈን ነው። ይህን ያህል የሚያስጽፍ ነገር አልነበረም። እማዬ እዚህ ቴፒ ቤቷ አልጋዋን ለቅቃልኛለች፣ ልተኛ።