በኩሽና ሚዛን ስለ ተመዘነችው የግራፊክስ ካርድ

ለተከበሩ የማገገሚያ ማዕከላችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ እንደምን አሉ? እኔ በቀኝ በኩል ደኅና ነኝ። እንደ ወጉ ብድግ ብዬ እጅ ብነሳዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የምትታዘዘኝ እጅ አንዲት ብቻ ስለ ሆነች፣ እሷም ይህን ደብዳቤ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች በመጻፍ ላይ ስለ ሆነች፣ ለዛሬው ሰላምታዬን በወረቀት ይቀበሉኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ መኪና የነዳሁ ሹፌር፣ ስትሮክ ግራ ጎኔን ከመታኝ ስምንተኛ ወሬን የያዝኩ፣ በኮሚቴዎ ስብሰባ ላይ ደግሞ የታካሚዎች ተወካይ ተብዬ ያለ ድምፅ ጥግ ላይ የምቀመጠው ሰውዬ ነኝ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ሲያገለግሉ በዓይኔ በብሌኑ ስላየሁ፣ አራተኛው እንኳ ተሰቅሎ ይነበብ ብዬ ነው።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን የእጄን ነገር ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ፤ እስከ ዛሬ ጠይቀውኝ አያውቁምና። የእኔ ችግር እጄ መጨበጥ አለመቻሉ አይደለም፤ መፈታት አለመቻሉ ነው። አውራ ጣቴን ውስጥ አድርጎ ተጨብጦ ቀርቷል። የእጅ ሕክምና ባለሙያችን፣ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለ ሆነ እኛ ታካሚዎች «ፍታው» ብለን የምንጠራት፣ አራት ወር ሙሉ የላስቲክ ኳስ አስይዛኝ ጭመቅ ፍታው፣ ጭመቅ ፍታው ስትለኝ፣ እጄ መጭመቁን ይወድና መፍታቱ ላይ ሲደርስ እንደ ንፉግ ዘመድ ቋጥሮ ቁጭ ይል ነበር። መላ ሲጠፋት አንድ ቀን ሥራዬ ምን እንደ ነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሄደችና ከክፍሉ ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ከነመሪውና ከነፔዳሉ ጎትታ አምጥታ፣ የጭነት መኪና መንዳት የሚያለማምድ የኮምፒውተር ጨዋታ ከፈተችልኝ።

እውነቱን ለመናገር የልጆች መጫወቻ ነው ብዬ ንቄ ነበር የተቀመጥኩት። ግን የዘመኑ ጨዋታ ለካ ሌላ ነው፤ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ተሳቢው ኩርባ ላይ ከኋላ ይጎትትዎታል፣ መሪው በእጅዎ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ላብ አሰመጠኝ። ማርሽ ልቀይር ቀኜን ሳነሳ ግራዬ መሪውን ይዞ ቀረ፤ ኩርባውን ጨርሼ ስመልስ ደግሞ፣ ሐሳቤ ሁሉ መንገዱ ላይ ስለ ነበር፣ ጣቶቼ ሳላዛቸው ተፈቱ። እንዲህ እንዲህ እያልን በአምስተኛው ወር መጨረሻ አውራ ጣቴ ብቻዋን ብድግ ብላ ቆመች። እኔ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ፍታውም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አፍንጫዋን ትጠርግ ነበር። ሐኪሙም በርታ፣ ስድስተኛው ወር ሳያልፍ የተገኘው ነው የሚጸናው፣ ከዚያ በኋላ እየከበደ ይሄዳል አለኝ።

በሳምንቱ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ባንክ ቤት የምትሠራው፣ በትርፍ ጊዜዋ ጨዋታ የምትጫወተው የእህቴ ልጅ ከፍታ አየችውና የተቃጠለው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ማለትም ሥዕሉን እየሠራ ለስክሪኑ የሚያቀብለው ዕቃ ነው፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው አለች። የእርስዎ ባለውለታነት የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ። ፍታው በማግሥቱ ማመልከቻ ስትጽፍ «የዘመኑን የኮምፒውተር ጨዋታ ማስኬድ የሚችል ግራፊክስ ካርድ» ብላ በመጻፏ፣ እርስዎ ጨዋታ የምትለዋን ቃል በቀይ አስምረው፣ ይህ ቤት የሕመምተኛ እንጂ የሥራ ፈት ቤት አይደለም የሚል ማስታወሻ አክለው፣ ማመልከቻውን ሦስት ሳምንት ካሳደሩ በኋላ ስለ መለሱላት እናመሰግናለን። እሷም የዋዛ አይደለችምና ጨዋታ የሚለውን አውጥታ «በምስል የታገዘ የእጅ ማፍታቻ መሣሪያ አካል» ብላ ብትጽፈው ያንኑ ዕለት ፈረሙ። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ ሦስቱ ሳምንት ግን የእኔ ነበሩ።

ሁለተኛ። የዚህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። የእህቴ ልጅ ካርድ እንዴት እንደሚመረጥ በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጥታን ነበር። ምርጫው ከጨዋታው ይጀምራል፤ ጨዋታው ራሱ ምን ዓይነት ካርድ እንደሚፈልግ ይናገራልና መጀመሪያ እሱን አንብቡ፤ ካርዱ ስንት ዘመን እንደ ቆየ ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ ሜሞሪው በትልቁ ስለ ተጻፈ ብቻ አትደሰቱ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አቀባዩ፣ ሊመግበው መቻሉን፣ ቁመቱም ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ለኩ፤ በመጨረሻም ሰክታችሁ ጨዋታውን ክፈቱና እዩት ትላለች። እኔ ከመኪና በቀር የማላውቀው ሰውዬ እንኳ አንድ ጊዜ ስሰማው ገባኝ፤ ዳገት የሚወጣ ሞተር በቀለሙ አይመረጥም። ገጿን በአባሪነት ለኮሚቴዎ አቀረብን።

ኮሚቴዎ ግን የራሱ ቅጽ አለው። ያ ቅጽ ከዓመታት በፊት ለብርድ ልብስ ግዥ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህም የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ የደም ግፊት መለኪያና የውኃ ታንከር ሳይቀር የተገመገመው በዚሁ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ክብደት፣ ሠላሳ ነጥብ። ቀለም አለመልቀቅ፣ ሃያ አምስት። ልስላሴ፣ ሃያ። ብል አለመብላት፣ አሥራ አምስት። የቀረው ለአስተሻሸግ። እኔ መቼም ቅጹን ሲያወጡ ተሳስተው ነው፣ አሁን ይሳሳቃሉ፣ ይመልሱታል ብዬ ጠበቅኩ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሦስት አቅራቢዎች ያመጧቸው ሦስት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። የኩሽና ኃላፊዋ ሚዛን እንዲያመጡ ታዘዙ፤ አመጡ፤ ሳህኑ ላይ የጠዋቱ ዱቄት ነበረበት። ዱቄቱ ጠረጴዛውን እንዳያቆሽሽ ከሚዛኑ ሥር የተነጠፈው ወረቀት የእህቴ ልጅ የጻፈችው ገጽ ነበር። ካርዶቹ ያለ ካርቶናቸው ዱቄቱ ላይ እየተጋደሙ ተመዘኑ። ቀጥሎ የንብረት ኃላፊው መሐረባቸውን ውኃ ነክረው፣ ቀለም ይለቅ እንደ ሆነ ለማየት፣ ሦስቱንም አሿቸው። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው በመዳፍዎ ዳበሷቸውና ለአንደኛው አሥራ ስምንት ሰጡት። ፍታው በሩ ላይ ቆማ፣ እባካችሁ ሰክተን እንሞክረው ስትል፣ በሥራ ሰዓት ጨዋታ ክልክል መሆኑን አስታወሷት። 

አሸናፊዋ ከሁሉ የከበደችው ሆነች፤ ባለ ሦስት ማራገቢያ፣ ቁመናዋ የሚያስፈራ፣ ዘመኗ ግን ጨዋታው ከመሠራቱ በፊት ያለፈ። በእህቴ ልጅ ገጽ ላይ በስሟ የተጻፈችው ትንሿ ካርድ ሦስተኛ ወጣች፤ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ «ሳስታ በመገኘቷ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ሦስተኛ። የማዕከሉ ንብረት ሁሉ ቁጥሩ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ይለጠፍበት ዘንድ ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ቁጥሩ ከካርዷ ማራገቢያዎች በመካከለኛው ላይ ከዙሪያ ጠርዙ ጋር አጣብቆ ስለ ተለጠፈ፣ ማራገቢያው መዞር ትቶ አርፎ ተቀምጧል። እንደምንም ተገጥማ ጨዋታው ሲከፈት መንገዱ እንደ ፎቶ አልበም አንድ አንድ ገጽ እየሆነ ይመጣ ጀመር፤ መሪውን አዙሬ ጨርሼ እጄን ሳሳርፍ ኩርባው ገና ይደርሳል። በስድስተኛው ደቂቃ ካርዷ ግላ ጠፋች። ፍታው ልጣፊውን ልታነሳ ብትል የንብረት ምልክት መንካት እንደሚያስጠይቅ በጽሑፍ ተነገራት። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አስቦ ነው የሚሠራው ወይስ ሲያድር ነው የሚበቅልበት? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትሕትናዬ አመለጠኝ።

አራተኛ። የተሸነፈችው ትንሿ ካርድ የአቅራቢዎች ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ እስኪያልቅ በናሙናነት ዕቃ ቤት ትቆይ ስለ ተባለ፣ ከነካርቶኗ አምስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። ዕቃ ቤቱና የእጅ ሕክምና ክፍሉ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ፍታው ለአንድ ቀን ብቻ፣ ኋላም ለአንድ ሰዓት ብትለምን፣ ናሙና ለመታየት እንጂ ለመሥራት አይደለም ተብላ ተመለሰች። እኔም በየቀኑ ያቺን የላስቲክ ኳስ ይዤ ያንን ግድግዳ ስመለከት እውል ነበር። ስድስተኛው ወሬ ያለፈው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ካርዷ ትናንት ለባለቤቷ ተመለሰች፤ በሰላም ትግባ።

አምስተኛ። ብርድ ልብሶቹም ቢሆኑ ይኮሰኩሳሉ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ አለማወቅ ነውር አይደለም፤ እኔም ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ያንገሸገሸኝ የሚያውቅ ሰው እያለ፣ ጽፎ አምጥቶ እያለ፣ ጽሑፉን ለዱቄት ማንጠፍ ነው። ሰባት ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲመዝኑ፣ ሲያሹና ሲዳብሱ ውለው፣ ከሰባቱ አንዱ እንኳ ይቺ ዕቃ ለማን እጅ ናት ብሎ አልጠየቀም። እጁ እኮ እዚያው ነበር፤ ከጠረጴዛው ሁለት ክንድ ርቆ፣ ጉልበቴ ላይ ተኝቶ፣ ያኔ ገና ከጣቶቹ ሦስቱ ይፈቱ ነበር። ዛሬ ሦስቱም ገብተዋል፤ አውራ ጣቴም ተመልሳ ከሥራቸው ተቀብራለች። ማዘን ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አሁን የቀረኝ መጠየፍ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ በሩ ገርበብ አለ እንጂ አልተዘጋም ስለሚለኝ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። የእህቴ ልጅ የራሷን ካርድ ከራሷ ኮምፒውተር ነቅላ፣ አጎቴ እስኪድን ይሥራበት ብላ፣ ሁለት ጊዜ እስከ ግቢው በር ይዛልኝ መጥታለች። ጥበቃው ሁለት ጊዜም መለሳት፤ የግል ዕቃ በማዕከሉ መሣሪያ ላይ የሚገጠመው ሰብሳቢው ሲፈርሙ ብቻ ነው አላት። ፈቃዱ ግማሽ ገጽ ነው። ሻይዎን ከማስቀመጥዎ በፊት ይፈርሙልኝ።

አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላሉ፤ እኔ ግን ለእርስዎ ስል ቀኜን በተጨበጠው ግራዬ ላይ እየመታሁ ላጨብጭብልዎ ሞክሬ ነበር፤ የጎረቤት አልጋ ታካሚ በር የተንኳኳ መስሎት ግቡ አለ። በዚሁ ድምፅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ክብደትዎ እንዳይቀንስ፣ ቀለምዎ እንዳይለቅ፣ ብልም እንዳይደፍርዎ ከልቤ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የዘወትር አመስጋኝዎ፣
ያለ ድምፅ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሹፌር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የርክክብ ቅጹን ይዛ አልጋዬ ድረስ መጥታ ነበር። ካርዷ የታካሚዎችን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ማርካቷን እንደ ተወካይነቴ እንዳረጋግጥ፣ ከፊርማዬም ሌላ የግራ አውራ ጣቴን አሻራ እንዳኖር ማዘዝዎን ነገረችኝ። ምስኪን፣ ቀለሙን ከፍታ ጣቴን ከጭብጤ ልታወጣ ብዙ ታገለች፤ አልወጣ ሲላት ዓይኗ እንባ አቀረረና ሄደች። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ቢልኳት ኖሮ እንኳን አንዷን ሦስቱን አትሜ እልክልዎ ነበር። አሁን ግን ያቺ ጣት ያለችው ግቢው በር ላይ፣ በእህቴ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቅጽዎ እንዲሞላ ከፈለጉ መጀመሪያ ያስገቧት። ካልሆነም የራስዎን ግራ አውራ ጣት ያትሙበት፤ ጤነኛ ነው፣ ሥራም አልነካው።