ግራ ጉንጬና ፍሬኑ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የዘንድሮ በርበሬ አድልዎ ያውቃል። ግራ ጉንጬን ያቃጥላል፣ ቀኙን አይነካም። ምሳ ላይ ለቃልኪዳን አቤቱታ አቀረብኩ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ወልድያ ላብራቶሪ ትሠራለች፣ ለእረፍቷ መርሳ እኔ ዘንድ መጥታለች። ወጡን ቀመሰችና እየሳቀች ምንም የለውም አለች። ከዚያ የእጅ ባትሪ አምጥታ አፌን አስከፈተችኝ። ሳቋ ጠፋ።
ጉንጬ ውስጥ ያየችውን ነጭ ነገርማ አውቀዋለሁ። ከክረምቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በመፋቂያ እየፈተግሁት ነው። የመኪና ባትሪ ጫፉ ላይ ነጭ ሲያወጣ በብሩሽ አይደል የምናጸዳው? ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ሌላ ምን ያስባል? አልለቅም አለኝ። እኔም አልለቅህም አልኩት።
ሰኞ ወልድያ እንሄዳለን አለች። ለበርበሬ ሐኪም...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
አብዱልሐሊም ከሥራ በኋላ እንደ ወትሮው ጫቱን ይዞ መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ ጎማ ጠጋኝ። ግራ ጉንጫችንን አብረን ስንሞላ ስንት ዘመናችን። ስለ ነጩ ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሐኪም ቤት የገባ ጎማ ቀዳዳ አይታጣበትም አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ስዩሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ብረት ከነካው ይስፋፋል። ወላሂ፣ እንዳታስነካው።»
ይህን ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት። አገሩ ሁሉ ይለዋል። እውነት ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ወልድያ። ዶክተር ሶስና ገና ልጅ ናት። የመፋቂያውን ነገር ስነግራት አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ዝገት አይደለም። ራስዎን እያቆሰሉ ነው።»
ካንሰር ነው ወይ? አልኳት። ካንሰር ባይሆንም ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ነገር ይመስላል፣ ሳይመረመር አይታወቅም አለች። ከጉንጬ ትንሽ ቆርጣ ወሰደች። አዲስ አበባ ተልኮ ቀለም ተቀብቶ አንድ ፕሮቲን ይፈለግበታል። ጫትና ሲጋራም ከዛሬ ጀምሮ የለም። አንዱን ላስቀር ብዬ ተከራከርኩ። ልጅቷ ፍንክች አትልም።
እንግዲህ ብረት ነካው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ስለ ፕሮቲኑ ቃልኪዳን በስልክ ጀመረችልኝ፣ ቀሪውን ራሴ አነበብኩ። ፒ53 ይሉታል። ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዝ ፍሬን ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። ደህናው ሥራውን ሠርቶ ቶሎ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ሴሉ ውስጥ የሚከማቸው የተበላሸው ነው። ቀለሙ ሲበዛ የሚያስጠረጥረው ለዚህ ነው።
ይኼማ የኔ ጋራዥ ነው! ደህናው ዕቃ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፣ ጥግ ላይ የሚቆለለው ስባሪው ነው። ቁልሉን አይቶ የሞተ ሰው አለ?
ቀለሙ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም ብላኛለች ደግሞ ቃልኪዳን።
አብዱልሐሊም ከወልድያ ከተመለስኩ ወዲህ በሬን አልረገጠም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዓይኔን ትቶ ጉንጬን ያያል። ገበያ ውስጥም «አይዞህ» ይሉኝ ጀመር። ለምኑ ነው የምጽናናው? ቡሎን እየፈታሁ እኮ ነው። ለቅሶዬን ሊደርሱ የቸኮሉ ሁሉ ወንበራቸውን አጣጥፈው ይጠብቁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ውጤቱ መጣ። ካንሰር የለም። ግን ሴሎቹ መልካቸውን መለወጥ ጀምረዋል፣ ቀለሙም ሰፊ ቦታ ይዟል። ዶክተሯ ነጩ በሙሉ ተቆርጦ ይውጣ አለች። ተመልሶ ላለመምጣቱ ግን ቃል አልገባም፣ እየመጡ መታየት ነው አለች። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት።
የአብዱልሐሊም ቃል ጆሮዬ ላይ አለ... ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። ግን ፍሬኑ የላላ መኪና ቁልቁለት እስኪያገኝ አይጠበቅም።
ይቆረጥ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ተቆረጠ። ፊቴ ግማሹ ፊኛ ነው። መናገር አልችልም። ልታስታምመኝ የመጣችው ቃልኪዳን ቤቱ ጸጥ አለ እያለች ትስቅብኛለች። ይዳን ብቻ...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1
የጾሙ ሽሮ በርበሬ በዝቶበታል። ሁለቱንም ጉንጬን እኩል አቃጠለኝ። ፍትሕ ተገኘ።
ቁስሉ ሽሯል። ዶክተሯ ዙሪያውን አይታ ንጹሕ ነው አለች፤ ከገና በኋላ ደግሞ ታየዋለች። ከሰዓት ሲሆን አሁንም እጄ የሚገባበትን አያውቅም። ጫት የለም፣ አብዱልሐሊም የለም። የሱሪዬን ኪስ ስፈትሽ ቁልፍ ብቻ። ይሁን። ብረት ከነካው ይስፋፋል የሚል ካለ መጥቶ ይይ፤ አፌን ከፍቼ አሳያለሁ። ትናንት ሁለት ሾፌሮች ሳይጠይቁኝ አሳየኋቸው።
በር ተመታ። ቃልኪዳን ወልድያ ናት፣ ማን ይሆን?
...
አብዱልሐሊም ነው። ጫት አልያዘም። ስድቤን ሳዘጋጅ እሱ ቀደመኝ፤ አፉን ከፈተና ግራ ጉንጩን በጣቱ ወደ ውጭ ሳበ።
«እስቲ እይልኝ» አለ።
ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነው። የእጅ ባትሪው የት ገባ?