በእምነት ነው የምለጥፈው

ይግዛው፣ የቤቴ ምሰሶ፤

እንደምን ሰነበትህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ አንጓችህ ነኝ የምጽፍልህ። ከሄድህ ዓመት ደፈነ። ባለፈው እሑድ ተዝካርህን አወጣን፣ ዘመዱ ሁሉ ወዳገሩ ተበተነ፣ ልጃችን ደሴ ከፍኖተ ሰላም ያመጣው ድንኳንም ፈረሰ። ግቢው ጭር ሲል እኔም ቁጭ ብዬ ይኸው እጽፋለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሁት ፊደል ነው፤ ቢንጋደድም አንብበው። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ ስልህ ኖሬያለሁ። አሁን ሰሚ የለምና አንተ ነው የምልህ።

ቤታችን ደኅና ነው። ቦቃዋ ላም ወልዳለች፣ ሴት ናት ጥጃዋ፣ ግንባሯ ቁርጥ እናቷን። የምሥራቁን ግድግዳ ክረምቱ በላውና ደሴ ጭቃ አቡክቶ መረገው። ልጅህ ደሴ እንዳንተው ሥራ ሲጀምር ይቆጣል፣ ሲጨርስ ያፏጫል። ባሕር ዛፉን ቆረጠው፤ አሁን ከደጅ ቁጭ ብሎ የጅጋን መንገድ ማየት ነው፣ ማን ከገበያ ምን ተሸክሞ እንደተመለሰ አንድም አያመልጠኝ። በርበሬውም ዘንድሮ ደኅና ይዟል።

ይሄን ሁሉ የምነግርህ የሰው ቤት ወሬ እንደማወራ ሆኜ ነው። ምን እንደሆንሁ እንጃ። ደስም አይለኝ፣ አይከፋኝም። የምበላው አፌ ላይ ጨው የለውም። ጋቢህን ተከናንቤ እውላለሁ፣ አይሞቀኝም አይበርደኝም። ምላሴ ግን እንደምታውቃት ናት፤ እሷ አልሞተችም።

እንግዳችንን መቼም አልረሳኸውም። ያኔ አንጀቴ ተጠምዝዞ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት አደረሳችሁኝ። ቀደው አዳኑኝ፤ ስነቃ ግን የአንጀቴን ጫፍ በግራ ሆዴ በኩል አውጥተውት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ ሆዴ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው የሚጠራቀመው። ሐኪሞቹ ስሙን በፈረንጅ ነገሩን፤ አንተ ደሞ ገና አልጋ ላይ ሳለሁ “እንግዳ” ብለህ አወጣህለት። ጧት ጧት እንግዳችን እንዴት አደረ ትለኛለህ፣ ጎረቤት ቢሰማም አይገባው። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል፤ ይሄ ግን ከመጀመሪያውም ብረት ነበር። ከእኔና ካንተ፣ ከልጆቹም በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው መቀደዴን እንጂ መለጠፌን አላወቀም።

የምትለጥፈው አንተ ነበርህ። ምሰሶውን አስደግፈህ ቀጥ አድርገህ ታቆመኛለህ፤ ቁጭ ካልሁማ ያረጀ ሆድ ነው፣ ይታጠፍና የከረጢቱ ዙሪያ ይነሳል። ለብ ባለ ውኃ ታጥባለህ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለህ፣ ያንን ክብ ማጣበቂያ ትለጥፍና መዳፍህን ከላዩ ታሳርፋለህ። ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚይዘው ብለውሃል። እስኪይዝ አባታችን ሆይ ትላለህ። እሱንም ቢሆን በሬዎቹ ትዝ ሲሉህ ትቸኩልና፣ “ወደ ፈተና አታግባን” ላይ ስትደርስ አሜን ብለህ እጅህን ታነሳለህ። “ከክፉ ሁሉ ሰውረን” የሚለውን ለማን ተውኸው እያልሁ እሰድብሃለሁ። አንተ እየሳቅህ ከደጅ።

ያም ሆኖ ይይዝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ በርበሬ ስለቅም ይይዝ ነበር። ጅጋ በእግሬ ደርሼ ስመለስ፣ ቡሬ እህትህ ዘንድ በሚኒባስ ስንገጫገጭ ይይዝ ነበር።

ከዚያ አንተ ወደቅህ። የነፍስ አባታችን ከቤተ ክርስቲያን እምነት በወረቀት ጠቅልለው አመጡልህ፣ ያችን በጸበል የምትለወስ አመድ። ግንባርህንና ደረትህን ቀብተውህ ሄዱ። እኔ ከመደቡ ሥር ሆኜ እንግዳችንን ልለውጥ ሆዴን ገልጬ ነበር። እጅህን ዘረጋህ። ከደረትህ ላይ በጣትህ ጠረግ አደረግህና የእንግዳችንን ዙሪያ ቀባኸኝ። “ለሁለታችን ትበቃለች” አልህ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገርህ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እምነቷን ሳልቀባ ለጥፌ አላውቅም። አንተ የጀመርኸውን ማን ያቋርጣል?

ቀብርህ ዕለት የቅጽሩ በር ስንደርስ የከረጢቱ ዙሪያ ላላ። ሴቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ደረቱን ሲመታ እኔ ሁለት እጄን ነጠላዬ ሥር፣ ሆዴ ላይ አፍኜ ቆምሁ። ብለቀው እላዬ ላይ ሊፈስ ነው፣ በመቃብርህ ፊት። አፈሩ ሲገባ ድምፁን ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ ዓይኔ ነጠላዬ ላይ ነበር፣ ረጥቦ እንደሁ ልይ። እህትህ ወርቄ ከቡሬ መጥታ አንድም ሳይቀራት አየችኝ። ኋላ ምን እንዳለች ሰማሁ። ወንድሜን በእጇ እንኳ አላለቀሰችለትም ብላለች።

ምን ብዬ ልመልስላት? እንባስ እሽ፣ ከራሱ አልመጣ አለ። እጄን ግን የያዘብኝ እንግዳው ነው።

ከዚያ በኋላ መያዝ ተወ። ጧት እለጥፋለሁ፣ ረፋዱ ላይ ይነሳል። ገበያ ቀረሁ። ማኅበር ቀረሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ ቀረሁ፤ ሰው ያላስተዛዘነ ሰው ምን ይባላል፣ ታውቃለህ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ሥር ነው የምቆም። ለካ ያጣብቀው የነበረ እጅህ ነው አልሁ። እጅህ አፈር ገብቶ እንዴት ይያዝ። ይሄን ሳስብም አላለቀስሁ፤ እንዲያው ነው አልሁና ተቀመጥሁ።

ተዝካርህ ሲቃረብ ግን ፈራሁ። ያን ዕለትም ሆዴን ይዤ ከቆምሁ ወርቄ ያለችው እውነት ሆኖ ይቀራል፣ ለልጅ ልጅ ይነገራል።

ከረጢቱን የሚሰጡን ሐኪም ቤት ሄድሁ። እዚያ አንዲት ሲስተር አለች፣ ቀጠን ያለች፣ አነጋገሯ ያገራችን ያይዶለ። እንዴት አድርገው ነው የሚለጥፉት እማማ አለችኝ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በእምነት ነው የምለጥፈው አልኋት። ጎሽ፣ እምነትማ ከሌለ ምን ይሆናል፣ እንዲያውም ይጨምሩበት ብላ አዲስ ከረጢት ሰጥታ ሸኘችኝ።

እኔም ቤቴ ገብቼ ጨመርሁበት።

ባሰ። ረፋድ መድረሱም ቀረ፤ ገና ቀሚሴን ሳወርድ ይንሸራተታል። ተመልሼ ሄድሁ፣ በተቆጣ አንደበት፣ መቼም ታውቀኛለህ። ልጅቱ አልተቆጣችም፤ እዚሁ ፊቴ ይለጥፉት አለችኝ። አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ቆንጠር አድርጌ ልቀባ ስል እጄን ያዘችው።

“እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“እምነት ነዋ። አልነገርሁሽም? ጨምሪበትም ብለሽኛል።”

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። “እኔ እኮ የልብዎን መስሎኝ” አለች።

አንተ ቅኔ ቤት ደጅ ረግጠህ፣ ሰምና ወርቅ ስትፈታልኝ የኖርህ ሰው፣ ይሄን ብትሰማ ከመደብህ ትወድቅ ነበር። ልጅቱ ወርቁን ይዛ ሰሙ እኔ ሆዴ ላይ ቀረ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ድምፁን ሰማሁት። አመድም፣ ቅቤም፣ ቅባትም ካለበት ቆዳው አይዝም እማማ አለችኝ። ዱቄት የነሰነሱበት ሊጥ መች ከእጅ ይጣበቃል፤ ይሄንንስ እኔው ማወቅ ነበረብኝ።

መንገድ ላይ ሳስበው፣ እጅህ ነው ያልሁት ሐሰት ሆነ። እጅህ አይዶለም ያጣበቀው። እንዲያውም ያላላው ጣትህ ነው። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አላለኝ። እምነቷን መተው ግን ከበደኝ፤ መጨረሻ የነካኸኝ በሷ ነው። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ግንባርሽን ቀቢያት፣ ለእግዜር ግንባርሽም ሆድሽም ያው ነው አሉኝ። ግንባሬን ቀባሁ፣ እጄን ታጠብሁ።

አሁን ብቻዬን ነው የምለጥፍ። ሆዴ ከልሎኝ እንግዳውን ስለማላየው ደሴ ፊት ለፊቴ መስታወት ሰቅሎልኛል። ምሰሶውን ተደግፌ ቀጥ እላለሁ። መዳፌን አሳርፌ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ እስከ መጨረሻው፣ እንዳንተ ሳልቸኩል። ከላይ በመቀነት ላላ አድርጌ እደግፈዋለሁ። ሳይሞላም እደፋዋለሁ፤ ሲከብድ ነው ጎትቶ የሚነቅለው። መጀመሪያ ጓሮ ገብቼ ጎንበስ ብዬ አረምሁ፤ ያዘ። ከዚያ ጅጋ ገበያ ወርጄ ጎመን ከምትሸጥ ሴትዮ ጋር እስኪበቃኝ ተጨቃጨቅሁ። እሷም አልለቀቀች፣ እሱም አልለቀቀ።

የተዝካርህ እሑድ ቅጽሩን አልፌ ገባሁ። ለፍትሐትህ ሰገድሁ። ተነሥቼ ሆዴን ዳሰስሁት፣ አለ። እንደገና ሰገድሁ። መቃብርህ ዘንድ ስንደርስ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁና ዘረጋሁ፣ ደረቴንም መታሁ። እንባ ግን የለም። ደረቴ የሰው ደረት ሆኖ፣ እጄም የሰው እጅ ሆኖ፣ ሲመታ እሰማዋለሁ። ቢሆንም አፈርህን አየሁት። ቀይ ነው። ሣር አብቅሏል።

ወርቄ መጥታ ተጠመጠመችብኝ። እቅፍ ስታደርገኝ ከረጢቱ ተንኮሻኮሸ። ሸሸት ብላ አየችኝና ምን ይዘሻል እቴ አለችኝ። የወንድምሽ እንግዳ ነው አልኋት። ከሰው ለየት አድርጌ ወስጄ ነገርኋት፤ ቀሚሴንም ሰብሰብ አድርጌ አሳየኋት።

“ያን ቀን እጅሽን የያዘብሽ ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ለሁለታችን የሚበቃ እንባ ነበራት።

እንግዲህ ይግዛው፣ የኔ እንባ መንገድ ላይ ይሆናል። ዘንድሮ ያልተዘጋ መንገድ የለም፤ ሲከፈት ይደርስ ይሆናል። ቢቀርም አትቀየመኝ። ቃል የምገባልህ ግን በእጄ ያለውን ነው። እንግዳችንን በለወጥሁ ቁጥር፣ ምሰሶውን ተደግፌ መዳፌን ሳሳርፍ፣ “ከክፉ ሁሉ ሰውረን” የሚለውን፣ ያንን እየቸኮልህ የምትተወውን፣ ላንተም ጭምር እላለሁ። ስምህን እጠራለሁ።

ከዚያ አሜን ብዬ እጄን አነሳለሁ። ይይዛል።